ምን ሙያ አላት

"እሷማ ምን ሙያ አላት!" አለች እናቴ።

እኔ እዚያው ነኝ። በእኔና በእነሱ መሐል ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ የማድ ቤታችን ግድግዳ። በወዲያ በኩል እናቴ ከጎረቤታችን ከእትዬ ቦሰና ጋር ቆማለች፤ በወዲህ በኩል እኔ ሩታ፣ ጎህ ሲቀድ የጀመርኩትን አሥር ኪሎ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ዓይኔ እንባ ያፈሳል። የሽንኩርት ነው፤ ያኔ የሽንኩርት ነበር። እትዬ ቦሰና ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው "ውይ፣ አንቺን የመሰለች ባለሙያ እናት እያለቻት!" አሉ። "በይ እጅሽን ይባርከው። እኛማ ያንቺን ዶሮ ወጥ ልንበላ ከትናንት ጀምረን ሆዳችንን አዘጋጅተናል።" እማዬ ሳቀች። ስቃም ዝም አላለችም፤ "መብራት ስትነካካ ነው የምትውለው፤ ምን ላርጋት ብለሽ ነው፣ የዛሬ ልጅ" አለች። ቆርቆሮውን በቡጢ ልመታው እጄን አነሳሁ። ከዚያ መልሼ ቢላዋዬን ያዝኩ። የጥር ተክለ ሃይማኖት ነው፣ የማኅበሩ ተራ የእኛ ነው፣ አምስት ዶሮ ይጠብቀኛል።

እውነቱን ልናገር እንግዲህ። እናቴ በለጥሻቸው ወጥ ከሠራች ሁለት ዓመት አልፏታል። ቁርጥማት ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት፤ ቀጥሎ ማማሰያ መያዝ አቃታት፤ ቀጥሎ ቢላዋ፤ አሁን የቀሚሷን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት መጥታ ፊቴ ትቆማለች፣ እኔ እቆልፍላታለሁ። ሰፈሩ ግን ይህን አያውቅም። ከተክለ ሃይማኖት ጀርባ ሰርግ ሲሆን የሚጠሩት እሷን ነው፣ ክርስትና ሲሆን እሷን ነው፣ ከውጭ ዘመድ ሲመጣ "ለበለጥሻቸው ንገሩልን" ነው። ባለሙያዋ በለጥሻቸው! እሷም ትሄዳለች፤ እኔንም "ሽንኩርት ትላጥልኝ" ብላ ታስከትለኛለች፤ እዚያም "ሰው ሲያየኝ ወጡ ይበላሽብኛል" ብላ ማድ ቤቱን ትዘጋለች። የግቢያችን በር ሲከፈት ሲጥ ይላል። ያን ድምፅ እንደሰማን እማዬ ከበርጩማዋ ትነሳለች፣ እኔ ማማሰያውን አቀብላታለሁ፣ በሁለት መዳፏ እቅፍ አድርጋ ትይዘዋለች፣ እኔ ጥግ ሄጄ ሽንኩርት እልጣለሁ። ሰው ሲገባ ባለሙያዋ ድስቷ ላይ ቆማለች፤ ሙያ የሌላት ልጇ ጥግ ይዛለች። ይሄን እንድናደርግ ማንም አላዘዘንም። አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም።

እኔ የተማርኩት ሌላ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሬ ጨርሻለሁ። እማዬ ሰው ሲጠይቃት "ቴክኒክ ነው የምትማረው" ትልና እዚያው ላይ ታቆማለች፤ ሁለተኛዋን ቃል፣ ሙያ የምትለውን፣ ጨምራት አታውቅም። መማር ብቻውን ደግሞ ዋጋ የለውም። መመዘን አለብሽ፤ ተመዝነሽ ያለፍሽበት ወረቀት ከሌለሽ ማንም ሽቦ አያስነካሽም። ለልምምድ የወጣሁበት ሕንፃ ፎርማን፣ ኢዩኤል ይባላል፣ "ወረቀቱን ይዘሽ ነይ፤ እስከ ወር መጨረሻ ቦታውን እይዝልሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን እኔም አለቃ አለኝ" ብሎኛል። ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶታል። የምዘና ጣቢያው ሰዎች በእነዚህ ሁለት ሦስት ቀናት እንደሚደውሉ፣ በደወሉበት ቀን እንድቀርብ፣ ካልቀረብኩ ቦታዬን ለተጠባባቂ እንደሚሰጡት ነግረውኛል። ስለዚህ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከስልኬ ጋር ነው የምተኛው፣ ከስልኬ ጋር ነው ሽንት ቤት የምሄደው። ለእማዬ "የትምህርት ቤቱ ፈተና ነው" አልኳት። ምዘና ብላት እህል በረንዳ ያለ ሚዛን ነው የሚመስላት ብዬ ነው።

ያ ስልክ ጠዋት ባትሪው አለቀ። ማድ ቤት ሶኬት የለም። ራሴ ልስብ ብዬ ዓመት ለምኜ ነበር፤ እማዬ "ቆርቆሮ ላይ መብራት ስበሽ ልትጨርሽን ነው?" ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ ዋናው ቤት ወስጄ ቡፌው አጠገብ ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ዋናው ቤት ስል ትልቅ ቤት እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ የእማዬና የእኔ አልጋ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ቡፌ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ሶፋ፣ ሶፋው ላይ ደግሞ ብሥራት። ብሥራት ወንድሜ ነው፤ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ይመር ከሞተ ጀምሮ "የቤቱ ወንድ" ነው፤ የቤቱ ወንድ ሥራው ምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገሩኝም። "ብሥራት፣ ስልኬ ከጮኸ ጥራኝ" አልኩት። "እሺ" ያለኝ ብርድ ልብሱ ነው፤ ፊቱን አላየሁትም። ለእማዬም ነገርኳት። "ዛሬ ሊደውሉ ይችላሉ፤ ከደወሉ ቶሎ ጥሪኝ፣ እሺ እማዬ?" "እሺ አልኩሽ እኮ" አለች። ከዚያ የኮረሪማውን ብልቃጥ ከፍታ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። "ይሄማ ሽታው ወጥቶ አልቋል። ሂጂ ከመርካቶ አዲስ ይዘሽ ነይ።" ስልኬን ልነቅል ስል "ለዚያ ግርግር? ሊመነትፉሽ ነው? ደሞ ገና አልሞላም። እኔ አለሁ አይደል?" አለችኝ።

እሷ አለች። እውነቷን ነው፣ እሷ ነበረች።

መርካቶ የተክለ ሃይማኖት ዕለት ጠዋት ሰው በሰው ላይ ነው። በሸማ ተራ በኩል አቋረጥኩ፤ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ሌላ ነጠላ ይከራከራሉ፤ ተሸካሚዎቹ ጣቃ ጨርቅ ተሸክመው "ዞር በይ! ዞር በይ እናት!" ይሉኛል፤ በሃያ ሁለት ዓመቴ እናት። የቅመም ነጋዴዋ የመቶ ግራሙን ኮረሪማ ዋጋ ስትነግረኝ ሳቅሁባት፤ እሷም መልሳ ሳቀችብኝ፤ "እሱም ነገ የለም" አለችኝና ከፈልኳት። ስመለስ እግሬ ራሱ ወደ ጋሽ ጠሃ ሱቅ ወሰደኝ። ጋሽ ጠሃ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው የሚሸጡት። ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ የሚሆን ቁርጥራጭ ሽቦ በነፃ ይሰጡኝ ነበር፤ "ለሌላው አትንገሪ፣ እከስራለሁ" እያሉ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ባለሙያዋ መጣች!" ብለው ጮኹ። በዚህ ዓለም ላይ ያን ቃል ለእኔ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለት ሦስት ደንበኞች ዞረው አዩኝ፤ እጄ ላይ የኮረሪማ ፌስታል አለ፣ ነጠላዬ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ እቺ ምን ባለሙያ ናት ብለው እንዳሰቡ እግዜር ይወቀው። ጋሽ ጠሃ "ምዘናሽ መቼ ነው?" አሉኝ። ዛሬ ወይ ነገ እንደሚደውሉ ነገርኳቸው። "ስልክሽስ?" "ቤት ቻርጅ ላይ ነው።" "ቤት? አጂብ ነው! ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ፣ ሂጂልኝ!" ሊያባርሩኝ ከባንኮው ወጡ፤ ከዚያ መልሰው ጠሩኝና ጥቅልል የፊውዝ ሽቦ ኪሴ ውስጥ ከተቱ። "የምርቃት ነው። ስታልፊ ትከፍይኛለሽ።" ቤቴ የደረስኩት እየሮጥኩ ነው።

በቀጥታ ወደ ቡፌው ነው የሄድኩት። ስልኬ ሞልቷል። ያመለጠ ጥሪ የለም። ልቤ መለስ አለ፤ እጄ በርበሬ ሊነካ ነውና ስልኩን እዚያው ተውኩት። ብሥራት ቁጭ ብሎ በስልኩ ኳስ ያያል፣ ቀና አላለም። ማድ ቤት ስገባ እማዬ በርጩማዋ ላይ ናት፤ ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ሆኖ ከሰሉ ላይ ተጥዷል፣ ብሥራትን ይዛ እንደምንም ጥዳዋለች። "ተደውሏል እንዴ?" አልኳት ትንፋሼ እየተቆራረጠ። "ኮረሪማውን አስቀምጪና ማማሰያውን ያዢ፣ ሽንኩርቱ ሊያርር ነው" አለችኝ። ያዝኩ። ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ ዓይን ከእሱ ላይ አይነሳም፤ አንዴ ከያዘ ያ ሁሉ ድካም አፈር በላ። በርበሬው ገባ፣ ቅቤው ገባ፣ ዶሮውን በብልቱ አወጣሁ፣ በሎሚ አጠብኩ፣ ደጋግሜ አጠብኩ። እማዬ አጠገቤ ሆና በዓይኗ ትሠራለች። "ቀንሺው እሳቱን። አሁን ጨምሪ። አይ፣ ገና ነው፣ ሽታው አልዞረም።" በዚህ በዚህ አላማትም፤ አፍንጫዋ ዛሬም ባለሙያ ነው። አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ። እናቴ ሰዓት ጠይቃ አታውቅም። ሰዓቷ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን ነው፤ ጥላውንም አይታ ትናገራለች። በዚያ ቀን ግን "ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች። የእጅ ሰዓቴን አየሁና አራት ሰዓት ነው አልኳት። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀች። ቄሱ እንዳይቀድሙን ብላ ነው ብዬ እኔም ፈጠን ፈጠን አልኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ብሥራት ሸሚዙን በእጁ አንጠልጥሎ መጣ። "ተኩሺልኝ።" "እጄን አታየውም? በርበሬ ነው።" "ታጥበሽ።" "ራስህ ተኩስ፣ ካውያው አይነክስም።" ተቆጣ፤ ግን ጠረኑ ስለሳበው አልሄደም፤ አንድ እንቁላል ከሳህኑ አንስቶ ዋጠና በሩ ላይ ተደገፈ። "ዛሬ እማዬ በስልክ ስታወድስሽ ሰማኋት" አለ አፉ እንደሞላ። "ለአንድ ሰውዬ። 'ልጄ ባለሙያ ናት' ስትል። ሽማግሌ ሊመጣብሽ ነው መሰለኝ፣ እንግዲህ ቻይው።" እማዬ የዚያን ጊዜ ደጅ ላይ ወንበር ስትቆጥር ነበር። "እማዬ? እኔን?" አልኩት፤ "ሕልም አይተህ ነው፤ ደሞ ሂድ፣ እንቁላሉ ተቆጥሮ ነው የተቀቀለው።" አባረርኩት። ውሸት ልበል? ደስ አለኝ። ሞኝ ነኝ፤ ሰውዬው ማን ይሁን፣ ምን ፈልጎ ይደውል፣ አልጠየቅኩም። እናቴ ለአንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ባለሙያ ናት ብላልኛለች። ጠዋት በቆርቆሮው በኩል የሰማሁትን ከልቤ አወጣሁላት። የማማሰያው ክብደት እንኳን ቀለለኝ። ቀና ብዬ ሳያት ደረቷ ላይ አንዱ ቁልፍ ተከፍቷል፤ እጄን ታጥቤ ሄጄ ቆለፍኩላት። "ስንት ሰዓት ሆነ?" አለችኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ቄሱ መጡ፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ተከትለዋቸው ገቡ። ሶፋውም አልጋውም ሞላ፣ የተረፈው በተውሶ ወንበር ደጅ ተቀመጠ። ጠበል ጻድቁ ተባረከ፣ ጸሎቱ ተደረሰ፣ ወጡ ወጣ። እኔ ከማድ ቤት ዋናው ቤት፣ ከዋናው ቤት ማድ ቤት እመላለሳለሁ። ስልኬን ሁለት ጊዜ ለማየት ሞከርኩ፤ ቡፌው ፊት ለፊት ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ በጀርባቸው በኩል እጄን ልስደድ ስል አንዷ "እንጀራ ጨምሪልኝ የኔ ልጅ" አለችኝ። ይጮኻል እንግዲህ፣ ይሰማል ብዬ ተውኩት። ስምንት ከሩብ ገደማ ቤቱ ድርግም አለ። ብሥራት ከመጋረጃው ጀርባ ካውያ ሰክቶ ኖሯል። ፍሪጁ ጸጥ፣ ቴሌቪዥኑ ጸጥ፤ መስኮት በሌለው በአልጋው በኩል ያሉት ሴቶች "ኧረ በስመ አብ!" አሉ። እትዬ ቦሰና ከሁሉም በላይ ጮኹ፤ "ባለሙያ ይጠራ! አንተ ብሥራት፣ እስቲ ሮጥ ብለህ ባለሙያ ጥራ!" ብሥራት ሸሚዙን እንደያዘ "በበዓል ቀን ባለሙያ ከየት ይገኛል?" አለ።

ወንበር ጎተትኩ። ዋናውን ማጥፊያ ዘጋሁ፣ አሮጌውን የሸክላ ፊውዝ በካቻቪቴ ፈታሁት፤ ሽቦው ተበልቷል። ጋሽ ጠሃ የሰጡኝን ከኪሴ አውጥቼ ለክቼ ቆረጥኩ፣ አሰርኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። የካውያውን መሰኪያም ፈትቼ አየሁት፤ አንዱ ጫፍ ላልቶ ጠቁሯል፤ አጠበቅኩት። ይሄ ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። እንዲህ ስትቆም አይቻት አላውቅም፤ ስሠራ ካየች ወይ ትጮሃለች ወይ ፊቷን ታዞራለች። በዚያን ቀን ዓይኗን ከእጆቼ ላይ አላነሳችም። መብራቱ ሲመጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እልልታው ለመብራቱ ነው። ከወንበር ስወርድ እማዬ ጠጋ ብላ "ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ስምንት ሰዓት ተኩል ነው አልኳት። "እጅሽን ታጠቢና ወጥ ጨምሪላቸው" አለች። ከዚያ በኋላ ሰዓት አልጠየቀችም።

የበሉት ምስጋና አላጠራቸውም። "በለጥሻቸው፣ እጅሽ አይንጠፍ!" "በለጥሻቸው፣ አንቺ ስትሞቺ ይሄ ወጥ ከየት ይመጣል?" እማዬ አንገቷን ሰበር አድርጋ እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ይዛ ትቀበላለች። እትዬ ቦሰና እንጀራቸውን ጠርገው እንደጨረሱ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ የልጃቸውን የቲናን መልስ አነሱ። ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሃያ ዶሮ ነው፤ ካንቺ እጅ ውጭ አላስነካም አሉ። ሃያ ዶሮ። አርባ ኪሎ ሽንኩርት ማለት ነው፤ በልቤ ላጥኩት። ከፋሲካ በኋላ እኔ አምስተኛ ፎቅ ላይ ቱቦ ውስጥ ሽቦ እያስገባሁ ነው የምገኘው ብዬ ነበር የማስበው። እማዬ አላየችኝም። "ምን ችግር አለ፣ ለቲና ያልሆነ እጅ ለማን ሊሆን ነው" አለቻቸው።

ሴቶቹ የተበተኑት አሥር ሰዓት ካለፈ ነው። ስልኬን አነሳሁ። ያመለጠ ጥሪ አሁንም የለም። እንግዲህ ነገ ነው ብዬ ላስቀምጠው ስል ግን እጄ ወደ ጥሪ ዝርዝሩ ሄደ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአምስት፤ የቢሮ ቁጥር፤ የተነሳ ጥሪ፤ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ሦስት ሰዓት ከአምስት እኔ መርካቶ ኮረሪማ እከራከር ነበር። መልሼ ደወልኩ። ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያነሳው ወጣት ነው፣ ሊወጣ ሲል የደረስኩበት ይመስለኛል፣ ስሜን ስነግረው ሳቀ።

"ሩታ ይመር! አንቺ ነሽ እንዴ? ዛሬ ቢሮው ሁሉ ስላንቺ ሲያወራ ነው የዋለው። ጠዋት ደወልን፣ እናትሽ አነሱ። የሙያ ምዘና አላት፣ ለስምንት ሰዓት ተኩል ትምጣ አልናቸው። 'ልጄ ባለሙያ ናት፣ ምንም መመዘን አያስፈልጋትም፣ እሷን የሚያህል የለም፣ ለሌላ ሰው ስጡት' አሉን።" ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔ አልሳቅኩም። "ቦታሽ ለተጠባባቂ ተሰጥቷል እኮ" አለ ቀስ ብሎ። ቀጣዩን ዙር ጠየቅኩት። ማስታወቂያ ሲወጣ ነው፣ መቼ እንደሆነ እሱም አያውቅም፤ በዚህ ወር ግን እንደማይሆን ያውቃል። አመሰገንኩት። ለምን እንዳመሰገንኩት አላውቅም። እንግዲህ በስምንት ሰዓት ተኩል እዚያ ምዘና ጣቢያው የመብራት ሰሌዳ ፊት ቆሜ ፊውዝ ሳስር ሊያዩኝ ነበር፤ በስምንት ሰዓት ተኩል እዚህ ወንበር ላይ ቆሜ ፊውዝ አስሬያለሁ። ያየችኝ እማዬ ብቻ ናት።

ማድ ቤት ስገባ ለብሥራት እራት የተረፈው ወጥ ከሰሉ ላይ ተጥዷል፤ እማዬ በርጩማዋ ላይ ናት። ከታች ሊይዝ ሲል ጠረኑ መጣ። ምን ዓይነት እርግማን ነው፣ ማማሰያውን አንስቼ ማማሰል ጀመርኩ።

"እማዬ፣ ደውለው ነበር።"

"እነማን?"

"ታውቂያቸዋለሽ።"

ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። ከዚያ አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ፣ ቀኑን ሙሉ ስታጠናው እንደዋለች ነገር ተናገረችው። "አንዱ ደውሎ የሙያ ምዘና ምናምን አለኝ። አንቺ ፈተና አይደል ያልሽኝ? እኔ ሙያ ሲለኝ የወጥ መሰለኝ። የሆነ ሆቴል ሊቀጥርሽ ፈልጎ መስሎኝ ተናደድኩ። ባለሙያ ናት፣ ምኗን ትመዝናላችሁ አልኩት። ምን ላድርግ፣ ያልተማርኩ ሰው ነኝ።"

ላምናት ፈልጌ ነበር። እውነቴን ነው፣ በጣም ፈልጌ ነበር። ሙያ በእሷ አፍ ወጥ ነው፤ በሰፈሩ ሁሉ አፍ ወጥ ነው፤ ማንም ሴት በእሷ ቦታ ብትሆን እንዲያ ሊመስላት ይችላል፤ ሰውየው ራሱ እንዲያ መስሎት ነው የሳቀው። ስህተቱንም ፈተና ብዬ እኔው ያመጣሁት ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያ ሁሉ "ስንት ሰዓት ሆነ" ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

"ለስንት ሰዓት ነው ያለሽ?" አልኳት።

"እ?"

"ሰውየው። ለስንት ሰዓት ትምጣ አለሽ?"

"ለስምንት ተኩል" አለች።

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ወጡ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እማዬ እጆቿን አየች፤ የጠመሙትን ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው፤ ከዚያ ሰብስባ በነጠላዋ ሸፈነቻቸው። "የቲና ሃያ ዶሮ ነው" አለች ቀስ ብላ። ይቅርታ አይደለም፣ ቁጣም አይደለም። "አንቺ ስትሄጂ እኔ ምን እሆናለሁ?" ብላ ብትጠይቀኝ አለቅስ ነበር፤ አልጠየቀችኝም። እኔም እንኳን ለሃያ ዶሮ፣ ለአንድ እንቁላልም እጄን አልሰጥሽም ልላት ነበር፤ አላልኳትም። በሩ ሲጥ አለ።

"እኔ ነኝ! ጃንጥላዬን ረስቼ!" የእትዬ ቦሰና ድምፅ ነው። እማዬ እንደለመደችው ተነሳች። እንደለመደችውም ሁለት እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። አልሰጠኋትም። ማማሰያውን ጨብጬ ድስቱ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ይግቡ፣ ይዩን፣ ይሄ ሰፈር ሁለት ዓመት የማንን እጅ ሲበላ እንደኖረ ይወቅ አልኩ። የእትዬ ቦሰና ጫማ ቀረበ። እማዬ እጇ እንደተዘረጋ ነው። "ሩቴ" አለችኝ። ከልጅነቴ ወዲህ እንዲያ ብላኝ አታውቅም።

ሰጠኋት። አልያዝ አላት፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ ጣቶቿ ጨርሰው ደርቀዋል። አንድ በአንድ አጠፍኳቸው፤ አውራ ጣቷን መጨረሻ ላይ እኔው ራሴ ማማሰያው ላይ አሳረፍኩላት፤ ከዚያ ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ። የሚላጥ ሽንኩርት አልቀረም። ልጣጩን መሰብሰብ ጀመርኩ።

እትዬ ቦሰና አንገታቸውን አስግገው ድስቱን አዩ፣ እማዬን አዩ፣ እኔን አዩ። "አይ ባለሙያ! እስካሁን አልተቀመጥሽም?" አሏት። ወደ እኔም ዞረው "አንቺስ ቁጭ ብለሽ ከምታይ ተነስተሽ ተማሪ እንጂ፤ እናት ሁልጊዜ አትኖርም" አሉኝ።

እማዬ ዞራ ሳታየኝ "ትማራለች" አለች።